የሚጓዝ ቤት ጠባቂ

ቤት ይዘረፋል እንጂ አይሰረቅም። ሌባ ግድግዳ ነድሎ፣ ጣሪያ ቀድዶ፣ መዝጊያ ገንጥሎ ይገባና ንብረት ያወጣል፤ ሲነጋ ግን ባለቤቱ የሚያዝነው እዚያው ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ነው። ምሰሶው አለ፤ ምድጃው አለ፤ ጎረቤት “እግዜር ይተካ” ለማለት የሚመጣበት ደጃፍ አለ። ከዚህ ሕግ ውጭ የሆነ አንድ ቤት ቢኖር ከመኪና ኋላ ተቀጥሎ የሚጎተተው፣ ፈረንጆች ካራቫን ወይም ትሬለር የሚሉት፣ አልጋና ምድጃ፣ ጠረጴዛና መስኮት ያለው ባለጎማ ቤት ነው። የዚህ ቤት ሌባ በመስኮት መግባት አያስፈልገውም፤ ቤቱን ራሱን ይዞት ይሄዳል። ባለቤቱ ሲመለስ የሚያገኘው የጎማ ዱካና ፀሐይ አጥቶ የገረጣ አንድ ቁራጭ ሣር ብቻ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የማወጋችሁ ይህ ቤት ከሌባ እንዴት ሲጠበቅ እንደ ኖረ ነው። ርእሱ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ውድ አንባብያን፣ ቤትን ይዞ መዞር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ነገሥታቶቻችን ለብዙ ዘመን የኖሩት በድንኳን ነው፤ የዛሬዋ መዲናችንም አጥንቷ የጦር ሰፈር ነው። ወደዚያ እስክንደርስ ግን ጥቂት ከፈረንጆቹ ዘንድ እንቆያለን። (ዘመናቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልብ ይሏል።)

በመጀመሪያ የዚህን ቤት ደካማ ጎን እንወቅ። ተጎታች ቤት ሞተር የለውም፤ ሞተር ስለሌለውም የሚነሣበት ቁልፍ የለውም። ከፊቱ አንድ የብረት ክንድ ይወጣል፤ በክንዱም ጫፍ እንደ ጎድጓዳ ሳሕን የተደፋ ብረት አለ፤ ይህም ብረት በመኪናው ኋላ የተተከለውን ኳስ ይጎርሳል። ኳሱ በአውሮፓ ሃምሳ ሚሊ ሜትር ነው፤ በአሜሪካ በጣም የተለመደው ሁለት ኢንች ነውና ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ይህ ሁሉ አንድ ዓይነት የተደረገው ለመንገደኛው ምቾት ነበር፤ ማንም መኪና የማንንም ቤት እንዲጎትት። ይሁንና ይኸው ምቾት ለሌባውም ተረፈ። የጎረቤትህ መክፈቻ የአንተንም በር የሚከፍትበት ከተማ ምን እንደሚመስል አስብ፤ የካራቫን ዓለም ከሥሪቱ እንዲህ ያለ ከተማ ነው። ኳስ ያለው መኪና ወደ ኋላ አስጠግቶ፣ ክንዱን አውርዶ፣ ማያዣውን ጫን ማድረግ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

እንግዲህ ይህ ድካም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የነበረ ነው። ታዲያ በመጀመሪያው ዘመን ስለ ቁልፍ የሚጨነቅ ሰው ለምን አልነበረም?

ለመዝናኛ ታስቦ ከተሠሩት ባለጎማ ቤቶች ሁሉ ቀዳሚ ተብሎ የሚጠቀሰው ደስ በሚያሰኝ አጋጣሚ የአንድ ደራሲ ቤት ነበር። ዊሊያም ጎርደን ስቴብልስ የባሕር ኃይል ሐኪም የነበረ፣ ኋላም ለልጆች የጀብዱ ልብ ወለድ በመጻፍ የታወቀ ስኮትላንዳዊ ነው። በ1885 በብሪስቶል ከተማ ባለ ሠረገላ ፋብሪካ “ዋንደረር” ወይም በእኛ “ተንከራታች” ብሎ የሰየመውን ቤት አሠራ። ርዝመቱ አሥራ ስምንት ጫማ፣ ክብደቱ ሁለት ቶን ገደማ ሲሆን የሚጎትቱት ሁለት ፈረሶች ነበሩ። ከደቡብ እንግሊዝ ተነሥቶ እስከ ስኮትላንድ ኢንቨርነስ ድረስ ተጓዘበትና በዓመቱ የጉዞውን መጽሐፍ አወጣ። አብረውት የሄዱትን ስንቆጥር አንድ ሠረገላ ነጂ፣ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት እየነዳ ቀድሞ መንገድ የሚያጣራ አንድ አሽከር፣ ደግሞም ሃሪኬን ቦብ የሚባል ግዙፍ ውሻ እናገኛለን። በዚህ ሁሉ ሰውና እንስሳ መካከል የሚያድር ቤት ምን ቁልፍ ያሻዋል? ሁለት ቶን የሚመዝነውን ሰርቆ ለመሄድ የፈለገ ሌባም በመጀመሪያ ሁለት ጠንካራ ፈረሶች ይዞ መምጣት ነበረበት።

እዚህ ላይ ሳልጠቅሰው የማላልፈው አንድ ምፀት አለ። ከስቴብልስ በፊት በአውሮፓ መንገዶች ላይ በባለጎማ ቤት ይኖሩ የነበሩት በልማድ “ጂፕሲ” እየተባሉ የሚጠሩት የሮማ ሕዝቦች ነበሩ። የመንደር ሰው እነርሱን ሲያይ ዶሮውን ይሰበስባል፤ በሩን ይቀረቅራል፤ ባለጎማ ቤት ማለት ለእርሱ ሌባ የሚመጣበት ቤት ነበር። ይኸው ቤት በቀለምና በመጋረጃ አጊጦ የባለጠጋ መዝናኛ ሲሆን ጥርጣሬው ተገለበጠ፤ ጎማው ላይ ያለው ሰው የሚፈራ ሳይሆን የሚሰጋ ሆነ። ቤቱ ያው ቤት ነው፤ የተለወጠው በውስጡ የሚያድረው ሰው ኪስ ነው።

ከስቴብልስ ሠረገላ ወደ ዛሬው ካራቫን ያሻገረን አንዱ ሰው ዋሊ ባያም የሚባል አሜሪካዊ ነው። በ1896 በኦሪገን ግዛት ተወለደ። በልጅነቱ በጎች ሲጠብቅ የሚያድረው በአህያ በሚጎተት ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ውስጥ ነበር፤ በጋሪውም ላይ የጋዝ ምድጃ፣ ውኃ፣ ስንቅና መኝታ ነበረው። ይህ እረኛ አድጎ በ1931 ኤርስትሪም የተባለውን ኩባንያ መሠረተ፤ በ1936 ደግሞ ክብ ጀርባ ያለውን፣ እንደ አውሮፕላን አካል በብረት እንክብል የተጠበቀውንና የሚያብለጨልጨውን የአሉሚኒየም ቤት ለገበያ አወጣ። የባያም ሐሳብ በአንድ ቃል ቅለት ነው። ከባድ ቤት መኪና ያደክማል፤ ነዳጅ ይበላል፤ አቀበት ላይ ይቆማል፤ ስለዚህ ቤት ይቅለል። በ1947 ይህንኑ ለማስመስከር አልፍሬድ ሌቱርነር የተባለ ፈረንሳዊ ብስክሌተኛ አንዱን ቤት በብስክሌት ሲጎትት ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ሥዕሉም የኩባንያው ዝነኛ ማስታወቂያ ሆኖ ቀረ። ፎቶግራፉን ባየሁ ቁጥር ሻጩ የቤቱን በጎነት የሚናገርበት ይኸው ሥዕል ለሌባም የተጻፈ ግብዣ ይመስለኛል። ብስክሌተኛ የጎተተውን ቤት ባለመኪና ሌባ እንዴት ያቅተዋል?

ክብደት ቁልፍ ነው። ይህን እኛ ኢትዮጵያውያን በመራራ መንገድ የምናውቀው ነገር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በሠረገላ ጭነው፣ ገደል እየናዱና መንገድ እየጠረጉ፣ በብዙ መቶ ሰው ክንድ እያስጎተቱ በ1868 መጋቢት ወር መቅደላ አደረሱት። ክብደቱ ሰባት ቶን ገደማ ነው። በሚያዝያ 13 ቀን መቅደላ ወደቀች፤ የእንግሊዝ ጦርም ዘውዱን፣ ጽዋውን፣ ታቦቱን፣ የብራናውን መጽሐፍ ሰበሰበ። ምርኮው በአሥራ አምስት ዝሆንና ወደ ሁለት መቶ በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ወርዶ በደላንታ ሜዳ ለሐራጅ ቀረበ። ሴባስቶፖል ግን ከነቦታው ቀረ፤ እስከ ዛሬም እዚያው መቅደላ አምባ ላይ ነው። ያን ሁሉ ሕዝብ ያደከመው ብረት ማንም ሳይጠብቀው ራሱን ሲጠብቅ፣ ካህን የሚጠብቀው ብራና ባሕር ተሻገረ። እንግዲህ ባያም ቤቱን ሲያቀልል ይህን ጥንታዊ ቁልፍ ነበር ያወለቀው።

ታዲያ በምን ተካው? በሰው ተካው። ባያም ቤት ሸጦ ዝም አላለም፤ ከ1951 ጀምሮ ገዥዎቹን እየሰበሰበ ሩቅ አገር ይወስዳቸው ጀመር። ከጉዞዎቹ ሁሉ ታላቁ በ1959 ከኬፕ ታውን የተነሣው ነው። አርባ አንድ የብር መልክ ያላቸው ቤቶች፣ መቶ ስድስት ሰዎች፣ ከሁለት መቶ ሃያ ቀን በላይ፣ ወደ ሃያ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ፤ መድረሻው ካይሮ። ሠልፉ የሚያድርበት ቦታ ሲደርስ ቤቶቹ እንዳገኙ አይቆሙም። በቀለበት ላይ ቀለበት ሆነው፣ እንደ ሠረገላ ጎማ ዙሪያውን ይሰለፋሉ፤ መካከሉ ባዶ ሜዳ ይሆናል፤ እሳት የሚነደው፣ ወሬ የሚወራው፣ የነገ መንገድ የሚመከረው እዚያ ነው። ከቀለበቱ ማንኛውም ቤት ቢነቃነቅ ቢያንስ ሁለት ጎረቤት ይሰማል። አንዱ ቤት ተነጥሎ እንዲወጣም መንገድ የሚሰጡት ሌሎቹ ናቸው።

ይህን ዙሪያ ባያም አልፈጠረውም። ጉዞው በተነሣበት በደቡብ አፍሪካ ምድር ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት ቦር ሰፋሪዎች የበሬ ሠረገላዎቻቸውን በክብ አሰልፈው፣ አንዱን ከሌላው ጋር አሥረው “ላገር” የሚሉትን ምሽግ ይሠሩ ነበር። በታኅሣሥ 1838 በንኮሜ ወንዝ ዳር ከዙሉ ጦር ጋር በተዋጉ ጊዜ የተሰለፉት ሠረገላዎች ስድሳ አራት ነበሩ፤ ወንዙም በዚያ ቀን ከፈሰሰው ደም የተነሣ “የደም ወንዝ” ተባለ። ክቡ በውስጡ ያለውን ይጠብቃል፤ ከክቡ ውጭ የቆመው ሰው ባለ አገር መሆኑን ግን አይጠይቅም። በ1959 በዚያው ምድር ላይ በክብ ያደሩት ጎብኚዎች ይህን አስበውት ይሆን? የሰዎች ጥበብ እንዲህ ነው፤ ለጦርነት የተሠራው ለሽርሽር ይውላል።

የብር ሠልፉ ከኬንያ ተነሥቶ በደቡብ በኩል ወደ አገራችን ገባ፤ አዲስ አበባም ደረሰ፤ ባያም ከንጉሠ ነገሥቱ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኘ። እኔን የሚያስደንቀኝ የንጉሡ መስተንግዶ አይደለም። የሚያስደንቀኝ አርባ አንድ ተጓዥ ቤቶች የገቡት ራሷ ተጓዥ ሰፈር በነበረች ከተማ መሆኑ ነው። “ሰፈር” የሚለውን ቃላችንን እንየው፤ ከ“ሰፈረ” የወጣ ነው፤ ጓዙን አውርዶ ያደረ ማለት ነው። ራስ መኮንን ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር እያልን የምንጠራቸው ቦታዎች መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው ድንኳን የተከሉባቸው ናቸው። “ከተማ” የሚለውም ቃል ቢሆን ከድንጋይ ቤት ይልቅ ለሠራዊት ማረፊያ የቀረበ ነበር።

እንዲያውም የማዕረግ ስሞቻችን ራሳቸው የዘበኞች ዝርዝር ናቸው። ፊታውራሪ ከፊት የሚቀድመው ነው፤ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ፤ ደጃዝማች ከደጅ፣ ከንጉሡ ድንኳን በር ላይ የሚሰፍረው ነው፤ ደጀኑ ከኋላ ያለው ነው። እነዚህን ስሞች በክብ አስቀምጣቸው፤ በመካከሉ ድንኳኑን ትከል፤ የባያም ጎማ ይወጣልሃል። ሰው ሹመት ተሰጠው ስንል የምናስበው ክብርና ርስት ነው፤ መነሻው ግን ሌሊት ወዴት ዞሮ እንደሚተኛ የሚነግር ትእዛዝ ነበር።

ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር አይቶ ከጻፈው ውስጥ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይመጣብኛል። ሰፈሩ ይነሣል፤ ይጓዛል፤ ሌላ ሜዳ ላይ ይወርዳል፤ ነገር ግን ሥርዓቱ አይለወጥም። የንጉሡ ድንኳን፣ አብያተ ክርስቲያኑ፣ ማድ ቤቱ፣ የዳኝነቱ ድንኳን፣ ገበያው፣ ሁሉም በየተመደበለት አቅጣጫና ርቀት ይተከላል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ትናንት ባላየው ሜዳ ላይ ቤቱን ሳይጠይቅ ያገኛል። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሥርዓት ለአምልኮና ለክብር ብቻ የተደረገ አይምሰልህ። ሁሉም ቦታውን በሚያውቅበት ሰፈር ቦታ የሌለው ሰው ወዲያው ይታወቃል። የከበረውም ነገር በመንገድ ላይ ብቻውን አይሄድም ነበር፤ ታቦቱን ካህናት ተሸክመውት፣ ከፊት ደወል እየተደወለ፣ መንገደኛው ሁሉ ገለል እያለ ያልፋል። ደወሉ ለክብር ነው፤ ነገር ግን ጆሮ ላለው ሁሉ “ይህ የሚያልፈው ምን እንደ ሆነ እወቁ” የሚል ማስታወቂያም ነው።

ነጋዴውም ከዚህ ተምሯል። ሲራራ ነጋዴው በነጋድራሱ እየተመራ አሞሌ ጨውና ሰም፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ ጭኖ ወር ሙሉ ሲጓዝ ብቻውን የሚያድር አልነበረም። ሲመሽ ጭነቱ ይወርዳል፤ ተከምሮ እንደ ግንብ ይቆማል፤ በቅሎዎቹ ይታሠራሉ፤ እሳት ይነዳል፤ ዘብ በየተራ ይቆማል። ጨውን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። አሞሌ ገንዘብ ነበርና ሲራራው የሚጎትተው ባንክ ነበር ማለት ይቻላል፤ የአቢሲንያ ባንክ በ1906 በሩን ሲከፍት የተተካው ይህን ተጓዥ ካዝና ነው። ዕቃ የጠፋ እንደ ሆነም አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት ነበር፤ የአካባቢው ሰው ሁሉ ተጠርቶ በአንድ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ እርሻው አይመለስም። ጨካኝ ሥርዓት ነው፤ ንጹሑን ከበደለኛው ጋር ያስርባል። እኔ እንዲመለስ የምመኘው አይደለም። ሆኖም በአንድ ነገር ከዛሬው ይለያል። በእኔ ደጃፍ የጠፋው የአንተ በቅሎ የእኔ ጉዳይ ነበር።

አሁን ወደ ጎማው ቤት እንመለስ፤ ቀለበቱ የፈረሰበት ዘመን ደርሷልና። ባያም በ1962 አረፈ፤ ማኅበሩ ቢቀጥልም የሚበዛው ባለካራቫን ግን በዓመት ሁለትና ሦስት ሳምንት ብቻ የሚጓዝ፣ የቀረውን ወራት ቤቱን በጓሮው፣ በመንገድ ዳር ወይም በኪራይ ማቆሚያ የሚያቆም የከተማ ሰው ሆነ። ቤቱ ብቻውን አደረ። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ የብረት ታሪክ ነው።

ከብረቶቹ መካከል ለሥነ ጥበብ ወዳጅ የሚሆን ታሪክ ያለው አንዱ ነው። የቆመን ጎማ ጠፍንጎ የሚይዘው፣ “የዴንቨር ጫማ” የሚባለው ማሠሪያ የተፈለሰፈው በአንድ ቫዮሊን ተጫዋች ነው። ፍራንክ ማረግ በዴንቨር ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ውስጥ ቫዮሊን የሚጫወት፣ በሙያውም ለብረት ማቅለጫ ቅርጽ የሚያወጣ ሰው ነበር። መሣሪያውን በ1944 ሠራው፤ የዴንቨር ፖሊስ በ1955 ሥራ ላይ አዋለው፤ የፈጠራ መብቱ በ1958 ተመዘገበ። ዓላማው ሌባን መከልከል አልነበረም፤ የማቆሚያ ቅጣት አልከፍልም የሚለውን ሰው መኪና መያዝ ነበር። ቅጣት ያልከፈለን ሰው ለማሠር የተሠራው ይኸው ጫማ ኋላ ባለካራቫኖች በገዛ እጃቸው የገዛ ቤታቸውን የሚያሥሩበት ሆነ። ሙዚቀኛው ሌሊት ሌሊት ምን ዓይነት ዜማ እያሰበ ይህን ብረት እንደ ቀረጸ አስቤ አውቃለሁ።

ሌላው ብረት የክንዱን አፍ የሚዘጋው ነው። ኳስ መሳይ ብረት ጎድጓዳው ውስጥ ይገባና በላዩ ጓጉንቸር ይዘጋል፤ የጎረሰ አፍ ሌላ አይጎርስም። ቤቱ ከመኪናው ጋር ተያይዞ በሚጓዝበት ጊዜ ደግሞ ማያዣው እንዳይነሣ የሚቆልፍ ዘንግ አለ፤ ባለቤቱ ነዳጅ ሊሞላ ወይም ምሳ ሊበላ በወረደበት ሃያ ደቂቃ ቤቱን ፈትቶ ከሌላ መኪና ጋር ማጋባት ይቻላልና። ሰንሰለት በሁለቱ ጎማ መካከል የሚያስተላልፍም አለ፤ ክረምቱን ሙሉ ጎማዎቹን አውልቆ ቤቱን በድጋፍ ላይ የሚያስቀምጥም አለ። ክንዱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ማቆም ደግሞ ገንዘብ የማያስወጣ ዘዴ ነው፤ በእኔ ሚዛን ከብዙ ብረት ይበልጣል። ብረት ሁሉ በኤሌክትሪክ መቁረጫ ፊት ዕድሜው የደቂቃ ነው፤ ጥቅሙ ሌባውን ማስጮኹ ነው። ጩኸቱን የሚሰማ ሰው ከሌለ ግን የብረቱ ውፍረት ምን ያደርጋል?

ይህን የተረዱት እንግሊዞች በ1992 መዝገብ ጀመሩ። ከዚያ ዓመት ወዲህ በአገሪቱ የካራቫን ማኅበር አባላት የሚሠራ እያንዳንዱ ቤት አሥራ ሰባት አኃዝና ፊደል ያለው መለያ ይሰጠዋል፤ መለያው በሻንሲው ላይ ይመታል፤ በመስኮቶቹም መስተዋት ላይ ይቀረጻል። ሌባው ቁጥሩን ለማጥፋት መስኮቱን ሁሉ መለወጥ አለበት። ቀጥሎ ሰማዩ ተጨመረ። በግንቦት 2000 የአሜሪካ መንግሥት የሳተላይት አቅጣጫ ምልክቱን ለሲቪሉ ሆን ብሎ ማደብዘዙን ሲያቆም፣ በወንበር ሥር የምትደበቅ አነስተኛ መሣሪያ የጠፋውን ቤት አድራሻ በሜትሮች ልዩነት መናገር ቻለች። ቁጥሩም ሳተላይቱም ግን የሚያገለግሉት ከጠፋ በኋላ ነው። እነዚህ ሌሊቱን የሚቆሙ ዘበኞች አይደሉም፤ ሲነጋ የሚመጡ መርማሪዎች ናቸው።

የቀረው ችግር በብረት የሚፈታ አይደለም፤ የካራቫን ሌባ ሌባ አይመስልም። የመኪና ሌባ መስተዋት ይሰብራል፤ የቤት ሌባ አጥር ይዘልላል። የካራቫን ሌባ ግን በጠራራ ፀሐይ መኪናውን አስጠግቶ፣ እጁን ጠራርጎ፣ ቤቱን ይቀጥላል፤ መንገደኛውም “ቤተሰቡ ለዕረፍት ሊሄድ ነው” ብሎ ያልፋል፤ አንዳንዱ ደግ ሰው መኪናውን ወደ ኋላ ሲመልስ እጁን እያወዛወዘ ይመራዋል። ይህን ሰው ሊያውቅ የሚችለው የባለቤቱን ፊት የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝና ነገሩን ከሙያዬ አንጻር ሳየው አይደንቀኝም። የካዝናችን በር ወፍራም ነው፤ ነገር ግን የምንተማመነው በውፍረቱ አይደለም። አንዱ ቁልፍ በአንድ ሰው፣ ሌላው በሌላ ሰው እጅ ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይከፍትም፤ ሁለቱም ይተያያሉ። ገንዘብ ለአደጋ የሚጋለጠውም በካዝና ተቀምጦ ሳይሆን ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲንቀሳቀስ ነው፤ ስለዚህ በዚያ ጊዜ የምንጨምረው ጓጉንቸር ሳይሆን ሰው ነው።

ይህ ሁሉ ስለ ሽርሽር ዕቃ ለሚመስለው አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። ከ2008 የገንዘብ ቀውስ በኋላ በአሜሪካ ብዙ ሰዎች ቤታቸውን ለባንክ አስረክበው ወጡ፤ ከእነርሱም መካከል በዕድሜ የገፉ፣ ጡረታቸው ኪራይ የማይችል ሰዎች በተጎታች ቤትና በመኪና ውስጥ መኖር ጀመሩ፤ ወቅታዊ ሥራ ባለበት እየዞሩም ያድራሉ። ጄሲካ ብሩደር የተባለች ጋዜጠኛ ሕይወታቸውን በ2017 “ኖማድላንድ” በሚል መጽሐፍ ጽፋለች፤ ፊልምም ሆኗል። ለእነዚህ ሰዎች ቤቱ ቢሰረቅ የሚቀረው ሌላ ቤት የለም። አልጋው፣ መድኃኒቱ፣ የልጆቹ ፎቶግራፍ፣ የጡረታው ወረቀት ሁሉ በአንድ ኳስ ላይ የተንጠለጠለ ነው። መጽሐፉን የሚያነብ የባንክ ሠራተኛ አንዳንድ ገጽ ላይ ቀና ብሎ ለመቆየት ይገደዳል፤ የመጀመሪያውን ቤታቸውን የወሰደው በሌሊት የመጣ ሌባ አልነበረምና።

ከእነዚህም ሰዎች ብዙዎቹ በየክረምቱ በአሪዞና በረሃ ኳርትዝሳይት በምትባል ትንሽ ከተማ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። እሳት ያነድዳሉ፤ አዲስ መጡን ስለ ጎማና ስለ ባትሪ፣ ስለ ውኃና ብቻውን ስለ ማደር ያስተምሩታል። ማን በየትኛው ቤት እንደሚያድር ይተዋወቃሉ። አንዲት ሴት ለሁለት ቀን ወደ ሐኪም ብትሄድ ቤቷን የሚያይላት አይጠፋም።

በአገራችን መንገድ ላይ ባለአልጋ ካራቫን ብርቅ ነው፤ “ተሳቢ” ሲባል የምናስበው ወደ ጂቡቲ የሚወርደውን የጭነት መኪና ጅራት ነው። ኤንትሬ ዳገቱን እያቃሰተ በሚወጣበት ዘመንም ሆነ ዛሬ ባለው ረጅም መኪና፣ የዚያ ተሳቢ ቁልፍ ረዳት የሚባለው ወጣት ነው። መኪኖቹ በአዋሽ ወይም በሚሌ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ሲቆሙ ጎማው ሥር ድንጋይ የሚያስገባው፣ የሸራውን ገመድ ዳስሶ የሚያጠብቀው፣ ስኮርታ ጎማውንና ክሪኩን የሚቆጥረው እርሱ ነው። ሾፌሩ አልጋ ይይዛል። ረዳቱ ፍራሹን በመኪናውና በተሳቢው መካከል ያነጥፋል ወይም ከጭነቱ ላይ ወጥቶ ሸራውን ይለብሳል፤ ከጎኑ ያለው መኪና ረዳትም እንዲሁ። ሌሊት አንዱ ሲያስል ሌላው “ማነህ?” ይላል። ስሙን ይነግረዋል፤ ተመልሰው ይተኛሉ።